በዐሥራ አንደኛው ሸክላ ውስጥ

ጎንበስ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ከዐሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ የመነጽር ሌንስ ሲሞርድ ስለኖረ አንገቱ ወደ ሥራ ጠረጴዛው እንዳዘነበለ ቀርቷል። መንገድ ላይ ሲሄድ እንኳ መርፌ የጠፋበት ሰው ይመስላል። እሱ ግን በስሙ ተቀይሞ አያውቅም። «ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ሞልቷል፤ የወደቀ ነገር የሚያገኘው ጎንበስ ያለው ነው» ይላል። ትዳር ለምን እንዳልያዘ ሲጠይቁትም መልሱ የተዘጋጀ ነው። «መጀመሪያ ደኅና አድርጌ ልያት ብዬ መነጽሬን ስወለውል ሄደች።»

ዕድሜው ወደ ስድሳ በተጠጋ ጊዜ ባሏ ከሞተባት ታላቅ እኅቱ ጋር አንድ ቤት ይኖር ነበር። እኅቱ ሠላሳ ሁለት ዓመት በነርስነት ያገለገለች፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ጎረቤቱ ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። እሱ «እታለም» ይላታል፤ እሷ ደግሞ ሽበቱን ከቁብ ሳትቆጥር «አንተ ልጅ» ትለዋለች። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ሦስት ክፍልና አንድ ጠባብ በረንዳ ያለው ነው። ወለሉ እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል ያበራል። ጫማውን በር ላይ ያላወለቀ ሰው፣ ሐኪምም ቢሆን፣ አይገባባትም።

በዚያ ቤት ውስጥ የጎንበስ ነው የሚባለው ነገር ዐሥር የአበባ ሸክላ ነበር። ሁሉም ከመነጽር ቤቱ ደንበኞች የመጡ ናቸው። አንዲት አሮጊት መነጽሯ ተሠርቶላት የልጅ ልጇን ፊት ለይታ ባየች ማግስት፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሐረግ ቅርንጫፍ ይዛለት መጣች። አንድ የቁም ጽሕፈት መምህር ጣት የምታክል የጎማ ዛፍ ሰጠው፤ ዛሬ ጣሪያውን ልትነካ ምንም አልቀራት። ሬቱም፣ ፈርኑም፣ ቅጠለ ሰፊውም እንዲሁ የየራሳቸው ሰው አላቸው። ጎንበስ ውኃ ሲያጠጣ ሸክላዎቹን በሰዎቹ እያሰበ ነው የሚያጠጣው። ዐሥራ አንደኛዋ ሸክላ ግን የእታለም ናት። ቀይ አበባ የምታወጣ፣ በኩሽናው መስኮት ላይ የተቀመጠች፣ እታለም አንድ ልጇን በዳረችበት ሳምንት በገዛ እጇ የተከለቻት ናት።

ነገሩ የጀመረው በቁርስ ሰዓት ነው። እታለም የወተት ብርጭቆዋን አነሣችና ከአፏ ሳታደርሰው መለሰችው። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጥቁር ዝንብ ወተቱ ላይ ተንሳፍፋለች።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ዝንብ ናት፣ እታለም።»

«ዝንብ መሆኗንማ አያለሁ! ከየት መጣች ነው የምልህ!»

የእታለም ዐይን የጭልፊት ዐይን ነው። ተነሥታ ክፍሉን ዞረችው። ከጎማ ዛፏ ሥር ስትደርስ ሸክላውን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ሦስት ዝንቦች ብድግ አሉ። ዝቅ ብላ አፈሩን ስታየው ደግሞ የጨው ቅንጣት የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች ወዲያና ወዲህ ተፈናጠሩ።

«ጉድ ፈላ! አንተ ልጅ፣ አፈርህ ይዘላል!»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። ነገር ግን የእታለም ልጅ ልትወልድ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል። ባሏ ሥራው ሩቅ ስለሆነ፣ ከወለደች በኋላ እናቷ ቤት ልትከርም ተነጋግረዋል። የሕፃኑ አልጋ ተገዝቶ ቆሟል። እታለም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፍርዷን ሰጠች።

«ልጄ ሕፃኑን ታቅፋ በዚህ በር ስትገባ አንዲት ዝንብ ካየሁ፣ ዐሥሩም ሸክላ ያን ቀን ወደ ውጭ!»

«ዐሥራ አንድ ናቸው እኮ» አለ ጎንበስ ቀስ ብሎ።

«የኔዋ ንጹሕ ናት። የኔዋን አትቁጠር።»

እታለም ከአፏ ያወጣችውን ቃል ስትመልስ አይቶ የሚያውቅ የለም። ዐሥሩን ሸክላ ማውጣት ደግሞ ለጎንበስ ዐሥር ሰው ከቤት እንደ ማባረር ነበር። ያን ቀን ከሥራ ሲመለስ በኪሱ ሁለት ወፋፍራም ሌንሶች ይዞ መጣ። ከመነጽር ቤቱ ሲወጣ ባለሱቁ «ለማን ናቸው?» ቢለው፣ «ለአፈር» ብሎት አለፈ።

ካርቶን ጠቅልሎ ቱቦ ሠራ፤ ሁለቱን ሌንሶች በሁለቱ ጫፍ ሰካቸው። አንድ ማንኪያ አፈር በነጭ ሳሕን ላይ ዘረጋና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አጎነበሰ። ልጅ ሳለ በትምህርት ቤታቸው የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ የያዘ የነፍሳት ሥዕል ነበር። ራስ፣ ደረት፣ ሆድ፤ እግር ስድስት። መምህራቸው «መጀመሪያ እግር ቁጠሩ፤ ስሙን በኋላ ትደርሱበታላችሁ» ይሏቸው ነበር። ጎንበስ ከዐርባ አምስት ዓመት በኋላ እግር መቁጠር ጀመረ።

ነጩ ነገር ስድስት እግር ነበረው። ከሆዱ ሥር ደግሞ እንደ መንታ ሹካ ያለ ጅራት አጥፎ ይዟል። ጎንበስ በመርፌ ጫፍ ጠጋ ሲያደርገው ጅራቱ ተፈታና ፍጡሩ ከሳሕኑ ላይ ድራሹ ጠፋ።

«እታለም! እታለም! ነይ ቶሎ!»

እታለም የእጅ ፎጣ እንደያዘች እየሮጠች መጣች። «ምን ነደፈህ?»

«ጅራቱን ከሆዱ ሥር አጥፎ ይዞት፣ ልክ እንደ እስክሪብቶ ሞላ፣ ከዚያ ለቀቀውና... ቁመቱን ዐርባ ጊዜ የሚሆን ዘለለ! ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ፎቅ ዘሎት ነበር!»

«እኔ የሞትክ መስሎኝ!» አለችና ፎጣውን ወረወረችበት። ግን በሩ ላይ ቆም ብላ «ዐርባ ጊዜ?» አለች።

ጎንበስ ያን ሳምንት እንቅልፍ እንደ ጠገበ ልጅ ሆነ። በሁለተኛው ቀን እንደ ዶቃ ክብ የሆኑ፣ ቀስ ብለው የሚሄዱ ቡናማ ነገሮች አገኘ። እግራቸውን ሲቆጥር ስምንት ሆነበት። «የሸረሪት ዘመድ!» ብሎ ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ክር የሚመስል፣ ራሱ ብቻ እንደ ቀለም የጠቆረ ነገር አየ። ቆዳው ከመስታወት የጠራ ስለሆነ የበላው ሁሉ በሆዱ ውስጥ ሲያልፍ ይታያል። እግሩን ሊቆጥር ቢፈልግ አጣለት። ይህ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር ስላልገጠመለት ተወው።

ስሕተቱም የተጀመረው ከዚህ ነው። እታለምን ያስጮኋት ዘላዮቹ ናቸውና፣ ጎንበስ ጠላቱ እነሱ ናቸው ብሎ ቆረጠ። የመነጽር ሰው ደግሞ ለማንኛውም እድፍ የሚያውቀው መድኃኒት ውኃ ነው። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ በባልዲ ዘፈዘፋቸው። ዘላዮቹ ውኃው ላይ እንደ ዱቄት ሲንሳፈፉ በሻይ ማንኪያ እየቀዳ ወደ ውጭ ደፋቸው። ዐሥር ቀን ሙሉ ጧትና ማታ ዘፈዘፈ። በዐሥረኛው ቀን ዝንቦቹ በእጥፍ በዙ። እታለም የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ በጣቷ ነካ ነካ ብቻ አደረገችው።

በማግስቱ ወደ መነጽር ቤቱ አንድ ሽማግሌ መጣ። በከተማው መናፈሻ ዕድሜውን የፈጀ አትክልተኛ ነው። ጠፍጣፋ የሆነ መነጽር ከኪሱ አወጣ።

«ተቀምጬበት ነው» አለ።

«አያ፣ በመነጽር የሚታየው በላይኛው በኩል እኮ ነው» አለው ጎንበስ። ሽማግሌው በሳቅ ፈነዳ። መነጽሩ እስኪቃና አጠገቡ ተቀመጠና ወሬ ጀመሩ። ጎንበስ የልቡን ሳያወራ አልቻለም። የዘላዮቹን ጅራት፣ የባለ ስምንት እግሮቹን ዝግታ፣ የዝንቦቹን ብዛት፣ የእኅቱን ፍርድ ሁሉ ነገረው።

«ቆይ ቆይ» አለ አትክልተኛው ወንበሩን ስቦ። «ራሱ ጥቁር የሆነ ነጭ ክር አላየህም?»

«አይቻለሁ! ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል! እግር ግን የለውም።»

«ሌባው እሱ ነው! የዝንቧ ዕጭ ነው፤ ልጇ ማለት ነው። ሲያድግ ክንፍ ያወጣና ወተትህ ውስጥ ይገባል። ሲበዛም የተክሉን ቀጫጭን ሥር ይበላል። ዘላዩ ምስኪን ነው፤ ቀለቡ የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ ነው። ባለ ስምንት እግሩም እንዲሁ። ወንድሜ፣ ጠራጊህን አስረህ ሌባውን ፈተኸዋል።»

«ሰው ይነክሳሉ?»

«ኧረ ምን ጥርስ አላቸው! ደግሞስ እስካሁን ምን ስታደርግ ከረምክ?»

«ስዘፈዝፋቸው።»

አትክልተኛው ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ። «ለዝንቧ እኮ ሠርግ ደግሰህላታል! እሷ የምትወልደው እርጥብ አፈር ላይ ነው። የላይኛው አፈር ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ ውኃ አትስጥ። ስትሰጥም ከሥር፣ በሳሕኑ በኩል ይጠጣ። ቢጫ ካርቶን ላይ ቫዝሊን ቀብተህ ትከልላት፤ ቢጫ ሲያዩ ልባቸው ይጠፋል። ዕጮቹን ደግሞ በድንች ጥራቸው። ቀጭን አድርገህ ቁረጥና አፈሩ ላይ አስተኛው፤ በማግስቱ ገልብጠህ እየው። ግን አትቸኩል፤ የተጣለው እንቁላል ሁሉ እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።»

ጎንበስ መነጽሩን ሲያስረክበው ከላይ አንድ ሌንስ መወልወያ ጨርቅ ጨመረለት። ወደ ቤቱ የሄደው በእግሩ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የመነጽር ማሸጊያ ካርቶኖች ቢጫ ነበሩ፤ ቆራርጦ ቫዝሊን ቀባቸው። በየሸክላው አንዳንድ ተከለ። ድንቹንም እንደ ሌንስ ስስ አድርጎ ቆርጦ አስተኛ። በማግስቱ ሲገለብጠው ከድንቹ ሥር ሃያ ሦስት ጥቋቁር ራሶች ተኮልኩለው አገኘ። በደስታ ብቻውን አጨበጨበ። ድንቹን ከነዕጮቹ አሽጎ ጣለና አዲስ አስተኛ። ማታ ማታ ካርቶኖቹን እየነቀለ በቱቦው ያያል፤ የተያዙትን ይቆጥራል፤ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን ስድሳ አንድ። ከአምስት ቀን በኋላ ዐርባ። ከዚያ ሃያ ሁለት። ከዚያ ዘጠኝ። እታለም ከኩሽና ሆና «ዛሬስ?» ማለት ጀመረች። «ዘጠኝ!» ሲላት «ገና ነው» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን ለስለስ ብሏል።

ነገር ግን ዘጠኝ ላይ ቆመ። በማግስቱ ስምንት፤ በማግስቱ ደግሞ ዘጠኝ። ድንቹ ሥር አንድም ዕጭ የለም፤ አፈሩ እንደ ብስኩት ደርቋል። ታዲያ ዝንቦቹ ከየት ይመጣሉ? ጎንበስ በአንድ የሐኪም ማዘዣ ጀርባ ላይ የቤቱን ካርታ ሣለ። በየሸክላው ቦታ የተያዘውን ቁጥር ጻፈ። በረንዳው አጠገብ ባዶ። መኝታ ቤት ባዶ። ሳሎን መካከል አንድ፤ ወደ ኩሽናው ሲጠጋ ሁለት። የኩሽናው በር ላይ ያለው ሬት ስድስት። ቁጥሮቹ ጣታቸውን ዘርግተው አንድ ቦታ እያመለከቱ ነው። በቤቱ ውስጥ ካርቶን ያልተተከለባት፣ ድንች ያልተኛባት፣ ማንም ያልመረመራት አንዲት ሸክላ አለች።

ቀጥሎም ሌላ ነገር ትዝ አለው። ይህን ለእታለም የሚነግራት ማን ነው?

ሁለት ቀን ዋጠው። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ ኩሽና ገብቶ በሩ ላይ ተደገፈ።

«ምን ፈለግህ?» አለች እታለም ሳትዞር። «እንዲህ ስትቁለጨለጭ ከሕፃንነትህ አውቅሃለሁ።»

«ያቺን ያንቺን... አንዴ ባያት?»

«የቷን?»

«ቀይዋን።»

የድስቱን ክዳን ድም አድርጋ ከደነችው። «የኔዋን? ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ንጽሕና ሳስተምር ኖሬ፣ ዛሬ የኔ አበባ ትመርመር?»

«ተቆጪ፤ ልክ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ዋርድ ውስጥ ተላላፊ በሽታ ሲገባ የማንን ሙቀት ነበር የምትለኪው?»

«የሁሉንም ነዋ።»

«ያላመመውንም?»

«በተለይ ያላመመውን!» አለች በኩራት። «ያላመመኝ የሚል ነው የሚያዛምተው። አንዴማ የዋናውን ሐኪም ለክቼው ሠላሳ ዘጠኝ ሆኖ ተገኘና ወደ ቤቱ ሰደድኩት፤ እሱ እያጉረመረመ...» ወንድሟን አየችው። መስኮቱ ላይ ያለችውን ቀይ አበባ አየች።

«አንተ ልጅ፣ ተንኮለኛ ነህ።»

ድንቹን ራሷ ቆረጠችው።

ጧት ጎንበስ ሲነሣ እታለም ቀድማው መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ድንቹን ግን አልነካችውም፤ ደንብ ታውቃለች፣ ምስክር ሳይኖር ምርመራ አይከፈትም። «ግለጠው» አለችው። ገለጠው። ከድንቹ ሥር ቦታ የለም፤ ጥቁር ራስ በጥቁር ራስ ላይ ተደራርቧል። ቱቦውን ከእጁ ነጠቀችና አጎነበሰች። ረጅም ጊዜ ቆየች።

«ሆዳቸው ይታያል» አለች በሹክሹክታ።

«አላልኩሽም?»

«ልብ የሚመስል ነገር ይመታል እኮ! የምር... ምን እየበሉ ነው እንዲህ የወፈሩት?» ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተች። ከላዩ ሥር ግራጫ ሻጋታ ነበር፤ ሽታው ኮምጣጣ ነው። ጣቷን አሸተተች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የሩዝ እጣቢ» አለች።

«ምን?»

«ጧት ጧት ሩዝ ያጠብኩበትን ውኃ አጠጣታለሁ። ያበረታል ሲሉ ሰምቼ። ልጄ ካረገዘች ወዲህ ደግሞ ጨመርኩላት፤ ሕፃኑ ሲመጣ አበባዋ እንዲደርስ ብዬ... በየቀኑ ቀለብ ስሰፍርላቸው ነው የከረምኩት ማለት ነው!»

ጎንበስ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት አየ።

«በል ተረቷን ተናገራት፤ ምላስህ ጫፍ ላይ ናት» አለችው።

«ምኗን?»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» አለችና ሳቋ አፈናት። እሱም ለቀቀው። ሁለቱ ሽበታሞች ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዘመቻው በእታለም እጅ ገባ። ያረጀ ነጭ ጋዋኗን ለበሰች። ቀይዋን ሸክላ ታቅፋ ወደ በረንዳ አወጣቻትና «ማግለያ ክፍል! ጠያቂ አይገባም!» ብላ በሩን ዘጋች። የሻገተውን አፈር በማንኪያ ገፍፋ አነሣች፤ በላዩ ደረቅ አሸዋ ነሰነሰች። እጣቢው ወደ ማፍሰሻው ሄደ። የጎንበስን የቁጥር ደብተር ወስዳ እንደ በሽተኛ ሠንጠረዥ መስመር አሰመረችበትና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በመጀመሪያው ምሽት ስድስት፣ በሁለተኛው አራት። «ሙቀቱ እየወረደ ነው!» ትላለች። ጎንበስም «ገና ነው፣ ሲስተር» ይላታል።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ጮኸ። ልጅቷ ምጥ ይዟታል፤ ከተቆረጠው ቀን ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ነው። እታለም ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ ተጫምታ ወጣች። ሲመሽ ደወለች። ሴት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ከነገ ወዲያ ቤት ይገባሉ። ጎንበስ ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ሳሎኑን ሦስት ጊዜ ዞረው። ከዚያ ካርቶኖቹን ቆጠረ። ሦስት። በማግስቱ ሁለት።

በሦስተኛው ቀን ጧት ከዐሥሩ ካርቶኖች ላይ የተያዘው አንድ ብቻ ነበር። ግን ፍርዱ «አንዲት ዝንብ» ነው፤ እታለም ደግሞ ቀይዋን ሸክላ ከቦታዋ አነሣች እንጂ ቃሏን አላነሣችም። ጎንበስ በእጁ የማሰሮ ክዳን ይዞ አየሩን እየቃኘ ቤቱን ዞረ። የመኪና ድምፅ ሰማ። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ መጣ። በሩ ተከፈተ።

«አጎቴ! ምን ሆነህ ነው እንደ ዘብ የቆምከው?» አለች ልጅቷ። ደክሟታል፤ ግን ፊቷ ያበራል። ሕፃኗ በነጭ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ በእቅፏ ተኝታለች። እታለም ከኋላ ሻንጣ ይዛ ገባች።

ያን ጊዜ ከጎማ ዛፏ ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ተነሣች። እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች፣ ከፍ ዝቅ እያለች መጣችና በነጩ ብርድ ልብስ ላይ፣ ከሕፃኗ አገጭ አንድ ስንዝር ርቃ አረፈች። ያቺን ነጥብ እሱ ካያት፣ የጭልፊት ዐይን ያላት ሴት እንዴት ታጣታለች? ቀና ብሎ እኅቱን አያት። እታለም ዝንቧ ላይ አፍጥጣለች።

ሻንጣው ወለሉ ላይ ወደቀ። የእታለም እጅ ብልጭ አለች፤ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ወደ ቀሚሷ ኪስ ከተተች።

«ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«አቧራ ነው» አለች እታለም።

ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። ብርድ ልብሱን አስተካከለች፤ ሕፃኗን ከልጇ እቅፍ ተቀብላ ግንባሯን አሸተተች።

«አንተ ልጅ፣ ምን ቆመህ ታያለህ?» አለች። «ያቺን የጎማ ዛፍ ትንሽ ገፋ አድርጋት። የሕፃኗ አልጋ ከጥላዋ ሥር ይገባል።»